የጊታሩን ዘንግ ከመንቀል በፊት ማስመሪያ ይቅደም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በጥበብ ገጻችሁ ስለ ወጣት የባንድ ተጫዋቾች ባወጣችሁት ጽሑፍ ውስጥ ያለች አንዲት አጭር ምክር ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ አስገድዳኛለች። ምክሯ፣ በኤሌክትሪክ ጊታር ብሪጅ (ክሮቹ በአካሉ ላይ በሚያርፉበት ብረት) ላይ የሚሰካው የትሬሞሎ ዘንግ ቅኝት ከማበላሸት በቀር ጥቅም ስለሌለው ጀማሪዎች ነቅለው ቢያስቀምጡት፣ ብሪጁንም እንዳይነቃነቅ አድርገው ቢቆልፉት ይሻላል የምትል ናት። ጸሐፊው ይህን ያሉት በቅንነት እንደሆነ አልጠራጠርም፤ በሠርግ ድንኳንም ሆነ በአዳራሽ፣ በዘፈን መካከል ቅኝቱ የፈረሰበትን ጊታሪስት ያላየ የለምና። ይሁን እንጂ ጥፋቱ የዘንጉ ሳይሆን ሳይለካ የተገዛ ብሪጅና ሳይስተካከል የተወጠረ ክር መሆኑን በእጄ ደጋግሜ ስላየሁ፣ አንባቢዎቻችሁ ደህናውን ዕቃ ከመጣላቸው በፊት ይህን እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

የምኖረው በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ የአዳማ የፍጥነት መንገድ በሚነሳበት በቱሉ ዲምቱ ነው። ጠዋት ጠዋት በቤቴ በረንዳ ላይ ጊታር እጠግናለሁ፤ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩን ልጆች አስተምራለሁ። ከኮዬ ፈጬ፣ ከገላን፣ ከቃሊቲ፣ አንዳንዴም ከቢሾፍቱ ድረስ የሚመጡልኝን ጊታሮች ጀርባቸውን ስከፍት፣ በብሪጁ ሥር የታጨቀ ካርቶን፣ የታጠፈ ላሜራ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በምስማር የተመታ የሳጥን ጣውላ አግኝቻለሁ። ባለቤቶቹን ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ስጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ ዘንጉን ሲነኩት ቅኝቱ ስለሚሄድ። ለምን እንደሚሄድ የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም።

ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት ያህል፣ ዛሬ በአብዛኞቹ ጊታሮቻችን ላይ የምናየው ተንቀሳቃሽ ብሪጅ ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1954 ከስትራቶካስተር ጊታር ጋር ያወጣው ንድፍ ዘር ነው። ስሙ ከመጀመሪያው የተዛባ ነው፤ በሙዚቃ ቋንቋ ትሬሞሎ የሚባለው የድምፁ ጉልበት ሲወጣና ሲወርድ ሲሆን፣ ይህ ዘንግ የሚለውጠው ግን የድምፁን ከፍታ ስለሆነ በትክክል ቢጠራ ቪብራቶ ነበር። ዘንጉን ስንጫነው ብሪጁ ወደ አንገቱ ያዘነብላል፣ ክሮቹ ይላላሉ፣ ድምፁ ይወርዳል፤ ስንለቀው በጊታሩ ጀርባ ውስጥ የተወጠሩት ሞላዎች ብሪጁን ወደ ቦታው ይስቡታል። እንግዲህ ብሪጁ በሁለት ወገን የሚጎተት ሚዛን ነው ማለት ነው። ከ0.010 እስከ 0.046 ኢንች ውፍረት ያላቸው ስድስት ክሮች በመደበኛው ቅኝት ሲወጠሩ በአንድነት 46 ኪሎ ግራም ገደማ ይስባሉ፤ ግማሽ ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጤፍ እንደማለት ነው። ይህን ያህል ክብደት በተንጠለጠለበት ሚዛን ላይ በዓይን ግምት የተሠራ ሥራ ቅኝት ባይዝ ሊያስደንቀን አይገባም።

ቅኝት እንዳይሄድ ሲባል ሌላ መንገድም ተፈልጓል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ፍሎይድ ሮዝ የተባለ አሜሪካዊ ክሮቹን በሁለቱም ጫፍ፣ ማለትም በጊታሩ ራስ በኩል ክሮቹ በሰርጥ በሚያልፉበት ነትና በብሪጁ ላይ፣ በብሎን ቆልፎ የሚይዝ ብሪጅ ሠራ። ዘንጉን እስከ መጨረሻው ለሚያወርዱ የከባድ ሮክ ተጫዋቾች ይህ ትልቅ መፍትሔ ነበር፤ ዕቃውንም አላጣጥለውም። ለእኛ ሥራ ግን አይመችም ብዬ አምናለሁ። በሠርግና በአምልኮ መድረክ ላይ ዘማሪው ወይም ዘፋኙ ጉሮሮው ሲደክም ዞር ብሎ ግማሽ ቶን ዝቅ በሉልኝ ይላል፤ በነቱ ላይ ያለውን መቆለፊያ በባለ ስድስት ጎን ቁልፍ እስክትፈታ፣ ስድስቱን ክር እስክትቃኝ፣ መልሰህ እስክትቆልፍ ድረስ ከበሮው አይጠብቅህም። በብዙዎቹ ላይ ክር ሲበጠስም በአዲሱ ክር ጫፍ ያለውን ትንሽ ኳስ ቆርጦ በብሪጁ ውስጥ ማሰር ያስፈልጋል። መቆለፊያ የሌለው ብሪጅ ግን በአግባቡ ከተስተካከለ በመቃኛው ብቻ ይታዘዛል። ጂሚ ሄንድሪክስ እ.ኤ.አ. በ1969 በውድስቶክ መድረክ ላይ ዘንጉን ያን ያህል ሲያንገላታ የነበረው በዚሁ መቆለፊያ በሌለው ባለ ስድስት ብሎን ብሪጅ ነው፤ ጄፍ ቤክም ጣቱን ከዘንጉ ሳያላቅቅ ዜማ ሲያዜም በኋለኞቹ ዓመታት የተጠቀመው ባለ ሁለት ምሰሶ ያልተቆለፈ ብሪጅ ነበር።

ለኛ ዜማ ደግሞ ዘንጉ የራሱ ቦታ አለው። በሮሃ ባንድ ካሴቶች ጆሯችንን የቃኘን ሰዎች፣ በትዝታ ቅኝት አንድ ድምፅ በጣት ሲርገበገብ ምን ያህል ልብ እንደሚነካ እናውቃለን። ጣት ግን የሚያርገበግበው አንድ ወይም ሁለት ክር ነው፤ ዘንጉ ሙሉውን ኮርድ በአንድ ጊዜ፣ እንደ ማሲንቆ መጨረሻ ድምፅ ቀስ አድርጎ ያወዛውዘዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ዘንጉን በጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ መነካካት ስለሆነ፣ ለከባድ ሮክ የተሠራው የቁልፍ መሣሪያ ሁሉ ከልክ በላይ ነው።

አሁን ወደ አመራረጡ ልምጣ፤ ከሁሉ የሚበዛው ገንዘብና ዕንጨት የሚባክነው እዚህ ላይ ነውና። ባለፈው ዓመት አንድ የኮዬ ፈጬ ወጣት፣ ውጭ አገር ያለ ዘመዱ ልኮለት የመጣ የሚያምር ብሪጅ ይዞልኝ መጣ። የስድስቱ ብሎኖች ቀዳዳ ከጊታሩ ቀዳዳ ጋር አልገጠመም ነበርና፣ በሰፈሩ አንድ አናጺ ቤት በትራፓኖ ከአሮጌዎቹ አጠገብ አዲስ ቀዳዳ አስበስቶ፣ በአሮጌውና በአዲሱ መካከል ያለው ስስ ዕንጨት ተሰነጣጥቆ ብሪጁ ወደፊት ዘንብሏል። ልጁ እንባው በዓይኑ ሞልቶ «ጋሼ፣ ጊታሩ ሞተ ማለት ነው?» አለኝ። አልሞተም፤ ቀዳዳዎቹን ሁሉ አጽድቼ፣ ከደረቅ ወይራ በጠረብኳቸው ክብ ሽብልቆች በኮላ ደፍኜ፣ ሁለት ቀን አድርቄ እንደገና በልኩ በሳሁት። ይሁንና ይህ ሁሉ ድካም ከመግዛት በፊት በአንድ ማስመሪያ ሊቀር ይችል ነበር።

ልኩ እንዲህ ነው። በአሮጌው የፌንደር ልክ፣ ከመጀመሪያው ብሎን መሐል እስከ ስድስተኛው ብሎን መሐል ያለው ርቀት 56 ሚሊ ሜትር ከጥቂት ነው። በእስያ በሚሠሩ በርካታ ጊታሮች ላይ ግን፣ እኛ ዘንድ በብዛት የሚገቡት እነርሱ ናቸውና፣ ይኸው ርቀት 52.5 ሚሊ ሜትር ነው። አራት ሚሊ ሜትር የማትሞላ ልዩነት በዓይን አትታይም፤ በስድስት ብሎን ላይ ግን ፈጽሞ አታስገባም። ብሪጁ በሁለት ምሰሶ የሚቆም ከሆነም በምሰሶዎቹ መሐል ያለው ርቀት በአንዳንዱ 56፣ በሌላው 74 ሚሊ ሜትር ነው፤ እነዚህን ማቀያየር አዲስ ጉድጓድ መቆፈር ማለት ነው። የክሮቹ እርስ በርስ ርቀትም መታየት አለበት፤ ሰፊ ብሪጅ በጠባብ አንገት ላይ ሲገባ የመጀመሪያውና ስድስተኛው ክር ከፍሬቱ (በአንገቱ ላይ ካለው የብረት መስመር) ጠርዝ ላይ ይንሸራተታሉ፤ ይህን በኋላ የሚያስተካክል ጠጋኝ የለም።

ሁለተኛው መታየት ያለበት በብሪጁ ሥር የሚንጠለጠለው ብሎክ ነው። ሞላዎቹ የሚያያዙት፣ ክሮቹም የሚገቡት በእርሱ በኩል ነው። የመጀመሪያዎቹ ከብረት የተሠሩ ነበሩ፤ በርካሽ ጊታሮች ላይ ግን ስስና ቀላል የዚንክ ቅልቅል ይገባል። ስለ ድምፁ ልዩነት ሰዎች ብዙ ይከራከራሉ፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። በዚንክ ውስጥ የተቆረጠው የዘንጉ ጥርስ ቶሎ ይበላል፣ ዘንጉ በቀዳዳው ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ተጫዋቹም እንዲጠብቅለት ሲያስገድደው ጥርሱ ጨርሶ ይጠፋል። በአሜሪካ የሚሠሩት ዘንጎች ጥርሳቸው በኢንች፣ የእስያዎቹ በሚሊ ሜትር የተቆረጠ ስለሆነ፣ ከጓደኛ የተዋሱትን ዘንግ በጉልበት ማስገባት ብሎኩን ለመግደል ከሁሉ አጭሩ መንገድ ነው። በእኔ ልምድ የተበላሸን ብሎክ በቃሊቲ ካሉ ቶርኖ ቤቶች በአንዱ ከብረት አስቆርጦ መተካት ይቻላል፤ ለቶርኖው ባለሙያ አሮጌውን ብሎክ መስጠት ብቻ ሳይሆን የጊታሩን አካል ውፍረትም ለክቶ መንገር ይገባል። መደበኛው አካል 45 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ አንዳንዱ ርካሽ ጊታር ግን ከዚያ ስለሚሳሳ፣ ሙሉ ልክ ያለው ብሎክ በጀርባው ወጥቶ የተጫዋቹን ልብስ ይቧጥጣል።

ብሪጁ በልኩ ተገዝቶ ከመጣ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት እንጂ ሀብት አይጠይቅም። ባለ ስድስት ብሎኑን ስገጥም፣ ሞላዎቹን ሳላያይዝ፣ እያንዳንዱን ብሎን የብሪጁ ሳህን የኋላ ጫፍ ከአካሉ ላይ መነሳት እስኪጀምር ድረስ አጠብቃለሁ፤ ሳህኑ ተመልሶ ለጥ ብሎ እስኪተኛ ድረስም መልሼ አላላለሁ። ከዚያም ዳርና ዳር ያሉትን ሁለቱን ብቻ በዚያ ከፍታ ትቼ የመካከለኞቹን አራት ብሎኖች ቅንጣት ያህል ከፍ አደርጋቸዋለሁ፤ ሳህኑ የሚሽከረከርባቸው ነጥቦች ባነሱ መጠን መፋተጉም ያንሳል። ብዙ ጊዜ የማገኘው ግን ስድስቱም ብሎኖች እስከ መጨረሻ በካቻቢቴ ተጠምዝዘው፣ ብሪጁ እንደ በር ማጠፊያ መዞር ሲገባው እንደ ጠረጴዛ እግር ተቸንክሮ ነው። በባለ ሁለት ምሰሶው ላይ ደግሞ የብሪጁ ጠርዝ እንደ ቢላ ስል ሆኖ የሚያርፈው በምሰሶው ቀለበት ውስጥ ነው፤ ክሮቹ ተወጥረው ሳለ ምሰሶውን ማዞር ያን ስለት ያበላሸዋል፣ የተበላሸ ስለት ደግሞ ሁለት ጊዜ በአንድ ቦታ አያርፍም። ስለዚህ ምሰሶውን ከመንካት በፊት ክሮቹን ማላላት ግዴታ ነው።

ቀጥሎ የሚዛኑ ሥራ ይመጣል። ሞላዎቹ የሚሰቀሉበት ባለ ጥርስ ብረት በሁለት ረጃጅም ብሎኖች ከዕንጨቱ ጋር ይያያዛል፤ እነርሱን ማጥበቅ ብሪጁን ወደ ኋላ ይስባል፣ ማላላት ወደፊት ይለቀዋል። ክሮቹ ሲቃኙ ብሪጁ ይነሳል፣ ሲነሳ የተቃኙት ክሮች ይወርዳሉ፤ ስለዚህ መቃኘት፣ ክፍተቱን ማየት፣ ብሎኑን ግማሽ ዙር ማዞር፣ እንደገና መቃኘት፣ ይህንንም አምስትና ስድስት ጊዜ መደጋገም ነው። ትዕግሥት ያጡ ሰዎች በሁለተኛው ዙር ላይ ትተውት ዘንጉን ይረግማሉ። ፌንደር ለአሮጌው ብሪጅ የሚመክረው ከሳህኑ የኋላ ጫፍ ሥር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት እንዲኖር ነው፤ በዚህ መንገድ ድምፁን ማውረድም ጥቂት ማንሳትም ይቻላል። ጉዳቱ ግን አንድ ክር ቢበጠስ ሚዛኑ ተዛብቶ የቀሩት አምስቱ ሁሉ ወደ ላይ መውጣታቸው ነው።

እኔ ለባንድና ለአምልኮ ተጫዋቾች የምመርጠው ብሪጁ በአካሉ ላይ ለጥ ብሎ እንዲያርፍ ነው። ሞላዎቹን ከክሮቹ ጉልበት ትንሽ ብቻ አስበልጬ አጠብቃቸዋለሁ፤ ለቀጭን ክር ሦስት፣ ለወፍራም አራት ሞላ ይበቃል። እንዲህ ሲሆን ዘንጉ ድምፁን ያወርዳል እንጂ አያነሳም፤ ክር ቢበጠስ ግን ዘፈኑን በአምስቱ መጨረስ ይቻላል፣ ግማሽ ቶን ዝቅ በል ሲባልም ብሪጁ ሳይንቀሳቀስ መቃኘት ይቻላል። ብሪጁን ጨርሶ መዝጋት የፈለገም መብቱ ነው፤ ኤሪክ ክላፕተን የእርሱን በዕንጨት ዘግቶ በአምስት ሞላ እንደሚጫወት የታወቀ ነው። እርሱ ግን የዘጋው ፈልጎ ነው፤ የእኛ ልጆች የሚዘጉት መፍትሔ የሌለው ስለመሰላቸው ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ቅኝቱ አሁንም ቢሄድ፣ ወደ ብሪጁ መመለስ አያስፈልግም፤ ጥፋተኛው ብዙውን ጊዜ በሌላው ጫፍ ያለው ነት ነው። ክሩ በነቱ ሰርጥ ውስጥ መንሸራተት አለበት። ሰርጡ ከጠበበ ዘንጉ ሲወርድ ከመጫወቻው በኩል ወደ መቃኛው የሄደው ጥቂት ክር ሲለቀቅ አይመለስም፤ ያን ጊዜ ድምፁ ከነበረበት ከፍ ብሎ ይቀራል። ክር በጣት ተጎትቶ ሲለቀቅ ደግሞ በተቃራኒው ዝቅ ብሎ ይቀራል። እነዚህን ሁለት ምልክቶች ያየ ሰው፣ ወይም ሲቃኝ ከነቱ «ጠቅ» የሚል ድምፅ የሰማ ሰው፣ በሽታውን አግኝቷል። ለጊዜው የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት በሰርጡ ውስጥ መቀባት ያስታግሰዋል፤ ፍቱኑ መድኃኒት ግን ሰርጡን በየክሩ ውፍረት አሰፍቶ መሞረድ ነው። በርካሽ ጊታሮች ላይ ያለው የላስቲክ ነት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ይህን አይችልም። እኔ ከሥጋ ቤት የማገኘውን የበሬ ቅልጥም አጥንት ቀቅዬ፣ ስቡን አውጥቼ፣ ለሳምንታት አድርቄ እሠራዋለሁ፤ ከውጭ ከሚመጣው የአጥንት ነት በምንም አያንስም። በጊታሩ ራስ ላይ ክሮቹን ወደ ታች የሚጫኑት ትንንሽ መያዣዎችም ዝገት ከያዙ ያንኑ ጥፋት ይሠራሉና በዚያው ይጸዱ።

ስለ ክር አጠማጠም ብዙ አልልም፤ በመቃኛው ዘንግ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ይበቃል፣ አዲስ ክርም ከመጫወት በፊት በእጅ ደጋግሞ መሳብና መቃኘት ያስፈልገዋል። በአሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ተጭኖ የሚሰማው ድምፅ በዚያው ቦታ ሳይጫኑ ክሩን በስሱ በመንካት በሃርሞኒክ ከሚሰማው ከፍ ካለ ሳድሉን (በብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍበትን ትንሽ ብረት) ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደፊት ማንቀሳቀስ ነው።

በዳርቻ የምንኖር ሰዎች ልንጠነቀቀው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለው አካባቢያችን በበጋ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ቀን በድንኳን ሙቀት የተቃኘ ጊታር ማታ ብርድ ሲመታው ክሩ ይኮማተራል፣ ድምፁ ይወጣል፤ በአየር ላይ በተንሳፈፈ ብሪጅ ላይ ይህ ለውጥ ሚዛኑንም አብሮ ያናውጣል። ክረምት ሲገባና ሲወጣም የአንገቱ ጉብጠት ስለሚለወጥ፣ በሰኔና በመስከረም አንድ አንድ ጊዜ ማየት ይጠቅማል። ይህንንም ዘንጉ ያመጣው የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው።

ስለዚህ፣ የተከበሩ አዘጋጅ፣ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የመጀመሪያው፣ የጥበብ ገጻችሁ ስለ ዘፈንና ዘፋኝ ከሚጽፈው ላይ ለመሣሪያ አያያዝም ጥቂት ቦታ እንዲሰጥ፣ ያ ምክርም በሚቀጥለው እትም እንዲታረም ነው። ሁለተኛው በእናንተ በኩል ለነጋዴዎች የሚደርስ ነው፤ በፒያሳና በመርካቶ ብሪጅ የሚሸጡ ወንድሞችና እህቶች በየማሸጊያው ላይ የብሎኖቹን ርቀትና የብሎኩን ቁመት በሚሊ ሜትር ቢጽፉበት፣ ገዢው ከቤቱ ለክቶ የያዘውን ቁጥር አይቶ ይመርጣል። የኮዬ ፈጬው ወጣት አሁን በጊታር ቦርሳው ውስጥ አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር የምትሆን የብረት ማስመሪያ ይዞ ይሄዳል። ብሪጁ በደህና ተቀምጧል፤ ነቱ ብቻ አሮጌው ላስቲክ ስለሆነ፣ ያደረቅሁት አጥንት ሲደርስ በሚቀጥለው ቅዳሜ እንቀይርለታለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጊታር መምህርና ጠጋኝ
ከቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ